ከቅበላ እስከ ረሃብ፦ በሜትሬ ያየሁት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያም አይደለሁም። ግን በቀን አምስት ስድስት ሰው እለካለሁ፣ የለካሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሮቼንም አልጥልም። አንድን ሰው ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና እያላችሁ ዓመት በዓመት ስትለኩ ስለ አበላላችን ብዙ ነገር ታያላችሁ። ዘንድሮ ያየሁት ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ጥር ላይ አንዲት ልጅ የመልስ ቀሚስ ልታሰፋ ከእናቷ ጋር መጣች። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ለካኋት፤ ወገቧ 82። ረዘም ያለች፣ ፊቷ የሚያበራ፣ ስትስቅ ሱቁን የምትሞላ ልጅ ናት። በእኔ ዐይን ምንም የሚቀነስ ነገር አልነበራትም። እሷ ግን «እትዬ፣ በ70 ይቁረጡልኝ፣ እስከዚያ እደርስበታለሁ» አለችኝ። አይሆንም የኔ ልጅ አልኳት። ተከራከርን። በመጨረሻ በ78 ቆርጬ በሁለቱም ጎን ከውስጥ አራት አራት ጣት ትርፍ ተውኩ።

በሰሙነ ሕማማት ለመጨረሻ ልኬት መጣች። ሜትሩን ሁለት ጊዜ ነው ያዞርኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። 69። በርጩማ ላይ አቆምኳትና እኔ ተንበርክኬ የቀሚሱን ጠርዝ በስፒል መያዝ ጀመርኩ። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ከባድ መኪና ሲያልፍ የሱቃችን ወለል ስለሚንቀጠቀጥ መጀመሪያ እሱ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «እትዬ» ብላ ላዬ ላይ ወደቀች።

ከጎረቤት ሱቅ ጥለት ስትመርጥ የነበረችው እናቷ እየጮኸች ሮጣ መጣች። ውሃ በስኳር በጥብጬ ወደ ከንፈሯ አስጠጋሁ። ዐይኗን ገለጠችና ምን አለችኝ መሰለዎት? «ስኳር አለው?»

ወለል ላይ ተዘርግታ፣ ላብ አጥምቋት፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይሄ ነበር። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። ግፊቷ ወርዷል፣ ደሟ አንሷል። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየመጣ እንደሆነ እዚያው ነው ለእናቷ የተናገረችው። ሐኪሟ ስትጠይቃት ቀስ በቀስ ሁሉም ወጣ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኪያርና ሎሚ በውሃ። ማታ ደግሞ በስልክ ያዘዘችው የማቅጠኛ ሻይ። በቃ ይሄው ነው። ለሃምሳ ቀን ገደማ።

እናትየው ያለችውን ልንገርዎት። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ «እኔ እኮ የምትጾም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ደጋግማ ነው ያለችው።

ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ልጅቷ የተራበችው እኛ መሀል ሆና ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቁርስ ሳትበላ ስትወጣ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ይኖር ነበር። በሁዳዴ ግን ያልበላ ሰው አይጠየቅም፣ እንዲያውም ይመሰገናል። ጾሙ መሸሸጊያ ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚመጡትን ልጆች ቀረብ ብዬ ስጠይቅ እሷ ብቻ እንዳልሆነች ገባኝ። «ጾሙን ለዳይት ተጠቀምኩበት» ይላሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

እኔ ጿሚ ነኝ፤ ጾምን የሚነካ ነገር ለመናገር አይደለም ይሄን የምጽፈው። ጾም ለነፍስ ነው፣ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ነው፣ ሥርዓትም አለው። ሕፃን አይገደድም፣ ሕመምተኛ አይገደድም። ጾም የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ ይበላል። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ተልባ አለ። ይሄ ሁሉ እያለ ኪያር ቆርጥሞ መተኛት ጾም ሊባል አይገባም።

ስለዚያ ሻይም ልበል። እሽጉን እናትየው አምጥታ አሳየችኝ፤ ጀርባው ላይ ሰናመኪ ይላል። ሰናመኪ የሆድ ድርቀት ለያዘው ሰው ለጥቂት ቀን የሚሰጥ፣ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። በየቀኑ ሲጠጣ ከሰውነት የሚወጣው ውሃና ማዕድን እንጂ ስብ አይደለም። ሚዛን ላይ ሲቆሙ ኪሎ የቀነሰ ይመስላል፣ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ከውሃው ጋር ፖታሲየም የሚባለውም ይሄዳል፣ እሱ በጣም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ልጆቻችን ይሄን ሳያውቁ ነው በየማታው የሚጠጡት። ሐኪሟ ሌላም ነገር ነገረችን። ሰው በረሃብ ቶሎ ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፣ የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል። መቀነስ ያለበት ሰው እንኳ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢቀንስ በቂ ነው አለች።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ልምጣ። ደብተሬ ሁለቱንም ይዟል።

በየዓመቱ ከግንቦት ጀምሮ ሱቄ የሚመጣው ሥራ ማስፋት ነው። ለፋሲካ የሰፋሁት ቀሚስ ለሰኔ አልገባ ይላል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅበላ ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ ይበላል፣ ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፣ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ዶሮ። ጠዋት ክትፎ። ከሰዓት ቅርጫው ሲከፋፈል ቁርጥ፣ ማታ የተረፈው ጥብስ፣ በየመሀሉ ጠላና ጠጅ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ በጎረቤት ቤት። ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ ያልነካ ሆድ በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ ተሸከም ሲባል ምን ያድርግ? የፋሲካ ማግስት ከሆዱ ጋር ሲታገል የሚውል ዘመድ የሌለው ቤት ካለ ይንገረኝ። ከዚያ ሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የለም። ሠርጉም የሚደገሰው በዚያው ወቅት ነው።

አያቴ ጾም ስታስፈታን ድስቱ ጋ አታደርሰንም ነበር። መጀመሪያ ተልባ። በጥቁር ማሰሮ የተበጠበጠ፣ ለስለስ ያለ፣ ማር ጠብ ያለበት። እሱን ጠጥተን ትንሽ እንቆያለን። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንድ ብልት፣ ግማሽ እንቁላል። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፣ ሰውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ማንም ሁለት አይደግምም። ድህነት ነበር ሊባል ይችላል። እኔ ግን ከፋሲካ ማግስት ሆዱን ይዞ የተኛ ሰው በዚያ ቤት አላስታውስም።

ወንድሜ የሁለቱንም ጫፍ ፍዳ አይቷል። ታክሲ ነጂ ነው። ከማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት መሪ ላይ ነው። ቁርሱ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳርና ሁለት ቦምቦሊኖ። ምሳው ጥብስ ወይም ፓስታ፣ ከለስላሳ ጋር። አንዱ ጠርሙስ ለስላሳ ሠላሳ ግራም ያህል ስኳር አለው፣ በማንኪያ ሲቆጠር ሰባት ስምንት ማለት ነው፤ እሱ በቀን ሦስት ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ ነው፣ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ወንድሜ ሻዩና ቦምቦሊኖው ሳይቆጠር በለስላሳው ብቻ ያልፈዋል። አምና ሽንት ቤት ሲመላለስ፣ ዐይኑ ሲደበዝዝበት ተመረመረ። ስኳር በሽታ። ኪኒን ታዘዘለት።

እዚህ ጋ ቢቆም ጥሩ ነበር። አንድ ጓደኛው «እንጀራ ነው የገደለህ፣ ኬቶ ግባ» አለው። በማግስቱ እንጀራ ተወ፣ ዳቦ ተወ፣ ሽሮና ምስርም ተወ። ሥጋና ቅቤ ብቻ። ኪኒኑን ግን እንደ ድሮው ይውጣል። ኪኒኑ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ነው፤ በምግብ የሚገባ ስኳር ሳይኖር ሲዋጥ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። አስራ አንድ ቀን ቆየ። በአስራ አንደኛው ቀን ተሳፋሪ ጭኖ እየነዳ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ብርድ ላብ አላበው፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየው። እግዜር ሲረዳው ዳር ይዞ ቆመ። ረዳቱ ነው ከሱቅ ከረሜላ ሮጦ ያመጣለት። አሥራ ሁለት ሰው ነበር ታክሲው ውስጥ።

ሐኪሙ ያለውን ወንድሜ ራሱ ነው የነገረኝ። ኬቶውን ለብቻው ሳያማክር በመጀመሩ ተቆጣው። እንጀራ ጠላትህ አይደለም፣ መጠኑን ነው የምንቀንሰው አለው። ሁለት ተኩል እንጀራ የሚበላውን ወደ አንድ፣ ወጡን ከእንጀራው አብልጦ፣ ጎመንና ምስር ጨምሮ፣ ለስላሳውን በውሃ ተክቶ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሩ። ይሄን ሲሰማ ወንድሜ ደበረው። ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ቀላል ስለሆነበት ነው። «ይሄማ ምኑ ሕክምና ነው?» አለኝ። ሰው እንዲህ ነን። ወይ ሙሉ ለሙሉ መተው እንፈልጋለን ወይ ሙሉ ለሙሉ መብላት፤ ትንሽ ቀንሶ መብላት ውሳኔ አይመስለንም። አሁን ግን ሰባት ወሩ ነው፣ ስኳሩም ተስተካክሎለታል።

ይሄን ጽፌ ግማሽ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ አነበበችውና «ሰው በኑሮ ውድነት በቀን አንዴ በሚበላበት አገር አንቺ ስለ ውፍረት ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ያሳፍራል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መቶው ላይ 38ቱ ቀንጭረዋል። ይሄ የሚረሳ አይደለም። ግን ጎረቤቴንም እንዲህ አልኳት። ርካሹ ምግብ ምንድነው? የሚረጋ ዘይት፣ ስኳር፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ የበዛበት እንጀራ። የሚረጋው ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው ዓይነት ስብ ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው ሆዱን የሚሞላው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ቦርጭና ግፊት ስኳርም የሀብታም በሽታ መሆናቸው ካበቃ ቆየ። የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ጥበቃውም፣ ጉሊት የምትቸረችረውም ይታመማሉ፤ መድኃኒቱን የመግዛት አቅም የሌላቸው ደግሞ እነሱ ናቸው።

ሌላ አንድ ነገር፣ አዘጋጁ ይፍቀዱልኝ። አፋችን። ሰው ስናገኝ ከሰላምታ ቀድመን ሰውነቱን እናወራለን። «ወይኔ ወፈርሽ!» «ምነው ከሳሽ፣ ባልሽ አያበላሽም?» ድሮ ወፈርሽ ማለት ተመችቶሻል ማለት ነበር፣ ምርቃት ነበር። ዛሬ ያቺው ቃል ልጅቷን ምግብ ታስተዋታለች። ያቺ ሙሽራ ለምን እንደጀመረች ስጠይቃት ያለችኝ፣ ሽማግሌ የተላከ ዕለት የባሏ አክስት «ቆንጆ ናት፣ ትንሽ ብትቀንስ» ብላ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር። አክስትየው እስከ ዛሬ አታውቅም። እንግዲህ ያቺው አክስት ናት በሠርጉ ቀን «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያለች የምታጎርሳት። ቅጠኚ እያልን እናጎርሳለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን «ጠገብኩ» ያለን ሰው ማመን ምን ይከብደናል?

በእኔ ቤት የሆነውን ልንገርዎትና ላብቃ። ምንም ምግብ አልከለከልንም። ዘይት በዐይን ከጠርሙሱ ማንቆርቆር ትቼ በሾርባ ማንኪያ መለካት ጀመርኩ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል እንዳለው ስሰማ ነው የደነገጥኩት፣ እኔ ለአንድ ድስት ሽሮ ስንት ስጨምር እንደነበር ሳስበው። ጨውም እንዲሁ፣ ለአንድ ሰው በቀን አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም የሚባለው። ለልጆቼ ሻይ ሦስት ማንኪያ የነበረው መጀመሪያ ሁለት ሆነ፣ ከወር በኋላ አንድ፤ ሳይነግሩኝ ለመዱት። ጎመን የዓርብ ምግብ ብቻ መሆኑ ቀረ። በዶሮውም ጎን ይቀርባል። ፋሲካ ላይ ተልባውን መልሻለሁ፣ በአያቴ ማሰሮ። ልጆቼ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ዘንድሮ ግን ታናሿ ራሷ ጠየቀችኝ። በወር አንዴ መንገድ ለመኪና ዝግ በሚሆንበት እሑድ፣ ያ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰው የሚሉት፣ ወጥተን እንሄዳለን። በሌላው እሑድ ወደ እንጦጦ ትንሽ ወጣ እንላለን። ከዚያ መልስ ሽሮ ነው የምንበላው። ከኪሎም የቀነስኩት አራት ብቻ ነው፣ በአንድ ዓመት። ጉልበቴ ግን ተንበርክኬ ጠርዝ ስይዝ አይጮኽብኝም።

ከጋዜጣዎ የምጠይቀው አለ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የምግብ መመሪያ አለ። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ፣ ዘይት ስኳርና ጨው በልክ፣ እንቅስቃሴ ጨምሩ የሚል፣ በራሳችን ምግብ የተሠራ። ስንቶቻችን አይተነዋል? ከቅበላ በፊት አንድ ገጽ ብትሰጡትና ባለሙያ በቀላል አማርኛ ቢያስረዳን። ደግሞም ከሠርግ ወቅት በፊት ስለ ማቅጠኛ ሻዮቹ ጻፉ። በረመዳንም እንዲሁ፤ የመርካቶ ደንበኞቼ ቀን ሙሉ ጾመው ኢፍጣር ላይ በሳምቡሳና በጣፋጭ መታመማቸውን ይነግሩኛል፣ ጣጣው አንድ ነው። የምግብ ዝግጅት አምዳችሁ ላይ ደግሞ «በሰባት ቀን ሰባት ኪሎ» የሚል ርዕስ እባካችሁ አታውጡ። አምና አንድ ቦታ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ልጄም አንብባዋለች፣ አስራ አራት ዓመቷ ነው።

ሙሽራዋ ደህና ናት። ክሊኒኩ የደም ማነስ ኪኒን ሰጣት፣ እናቷ ደግሞ ሕማማቱን በአጥሚትና በምስር አሳለፈቻት፤ ንስሐ አባቷም የታመመ ይብላ ብለው ራሳቸው አዘዟት። ለሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው መጥታ ለካኋት። 73። የያዝኩትን ስፒል ሁሉ አውጥቼ፣ ያጠበብኩትን ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። የመልሱ ዕለት ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ከባሏ ጋር ሲጎራረሱ አየኋት፣ አኝካ ዋጠች፣ ደግማም ከሞሰቡ ቆረሰች።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። እዚህ የተሰፋ ቀሚስ ለማስፋት ክፍያ የለውም ይላል። ከሠርግ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ይምጡ። ትርፉን ከውስጥ ትቼላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሽሮ ሜዳዋ ልብስ ሰፊ
አዲስ አበባ